ከጭቃ ሹም እስከ ቀበሌ፤ የታችኛው አስተዳደር ባገራችን ምን ሲሠራ ኖረ?



እንደሚታወቀው እድራችን ሲቋቋም ዋና ዓላማው ሰው ሲሞት በወጉ እንዲቀበር፣ ሐዘንተኛውም ብቻውን እንዳይቀር ነው። ይህንንም ሥራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ሰባትና አርባ ካለፈ በኋላ ሌላ ችግር ይመጣል። ባላቸው የሞቱባቸው እናት የመሬቱን ጉዳይ ለማስተካከል ወይም የጡረታ አበል ለማስከበር ሲሄዱ «የሞት ማስረጃ ያምጡ» ይባላሉ። ቀብሩን ያየ መንደር ሙሉ ሰው አለ፤ አፈር ያለበሰ ወጣት አለ፤ ፍትሐቱን ያደረሱ ካህናት አሉ። ወረቀቱ ግን የለም። ታዲያ ወረቀት ከሰው ምስክር እንዴት በለጠ? ይህ ነገር ከየት መጣ? መቼስ ጀመረ? ብለን ስናስብ ነገሩ ወደ ኋላ ወደ ታሪክ ወሰደን። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ታችኛው አስተዳደር፣ ማለትም ለሕዝቡ ቅርብ ስለሆነው መንግሥት፣ የምናውቀውን ያህል ልንጽፍ ተነሣን።

እኛ የተማርነው አንደኛ ደረጃ ነው። ቢሆንም ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ላይ ስላሳለፍን መዝገብ መግለጥና ማገላበጥ አልጠፋንም። ከዚያ ያየነውና ከታላላቆቻችን የሰማነው ተጨምሮ አንድ ነገር አስተምሮናል። መንግሥት ማለት ላይ ቤት ያለው ብቻ አይደለም። ለገበሬው መንግሥት ማለት በሩ ላይ የሚደርሰው ሰው ነው። ያም ሰው በየዘመኑ ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ሥራው ሦስት ነው፤ ይወስዳል፣ ይዳኛል፣ ይሰጣል። የአንድ ዘመን አስተዳደር ደግ ነበር ወይስ ክፉ ለማለት ከነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደበዛ ማየት ይበቃል።

1ኛ. የጭቃ ሹም ዘመን

በቀድሞ ጊዜ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሬት የርስት ነበር። አቅኚ አባት ተብሎ ከሚጠራው ሰው ዘር መቆጠር የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። በዚያ ርስት ላይ ደግሞ ጉልት የሚባል ነበር፤ ይኸውም መሬቱን ለማረስ ሳይሆን ከአራሹ ግብር ለመብላት የሚሰጥ መብት ነው። ጉልተኛው መኳንንት ወይም ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ከጉልተኛው በታች ምስለኔው፣ ከሁሉም በታች ጭቃ ሹሙ ይገኛሉ።

ጭቃ ሹም ደመወዝ አልነበረውም። በብዙ ቦታም ሹመቱ ከአቅኚ አባቶች ዘር በየተራ የሚደርስ ነበር። ዘንድሮ የእገሌ ወገን ከያዘው ከርሞ የሌላው ይይዘዋል። ስሙ እንደሚያሳየው ከጭቃው ጋር የሚውል፣ ራሱም አራሽ የሆነ ሰው ነው። ሥራው ግን ብዙ ነው። ግብሩን ለየቤቱ ያከፋፍላል፤ አዋጅ ሲመጣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያሰማል፤ እንግዳና ወታደር ሲያልፍ ድርጎ ያወጣል፤ ለሥራ ሰው ይጠራል፤ የወሰን ጠብ ሲነሣ ከሽማግሌዎች ጋር ያያል።

ወንጀል ሲሠራና አድራጊው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። ያገሩ ሰው በሙሉ ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ የቀረም ይቀጣል። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ቢያረፍድ፣ ከብት ቢራብ ምን ይደረግ! ባደባባይ መናገር ያልደፈረ ምስክር ስሙ ሳይገለጥ «ወፍ» ተብሎ ቃሉን በሥውር እንዲያደርስ ዘዴ ተበጅቶለት ነበር። ዘዴው ጎጂም ጠቃሚም ነበረ። ጉዳቱ ንጹሑን ከወንጀለኛው ጋር አብሮ ማሰቃየቱ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ያገሩን ምሥጢር የሚያውቀው ያገሩ ሰው መሆኑን መቀበሉ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ዘመን ጽሑፍ ከነጭራሹ አልነበረም ማለት አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመሬት ስጦታና ውል በወንጌልና በሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ላሠሯት ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት መሬት ሳይቀር በዚህ ዓይነት ተመዝግቧል። ሆኖም ይህ መዝገብ የትልልቆቹ መዝገብ ነው። ተራው አራሽ መሬቱ የሚታወቀው በቃል ነው፤ የዘር ቆጠራውም በሽማግሌ ራስ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ሲሞት መዝገቡ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህም ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። የስንቱ አያት ዕድሜ በርስት ሙግት እንዳለቀ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

2ኛ. ደመወዝተኛ ገዥና ደረሰኝ

ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከወደቁ በኋላ ቤጌምድር ለማዕከላዊው መንግሥት ይበልጥ ቀረበ። ብዙ ሳይቆይ የጠላት ወረራ መጣ። ነፃነት እንደተመለሰ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የአስተዳደር ድንጋጌ ቁጥር 1 ወጣ። በዚህም ድንጋጌ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፈለች። ትልቁ ለውጥ ግን አከፋፈሉ አይደለም፤ ገዥው ከንጉሠ ነገሥቱ ተሹሞ፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆኖ፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት መሆኑ ነው። ቀድሞ ሹም የሚበላው ከተሾመበት አገር ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚያ ወግ ነው። በአዲሱ ሕግ ግን ግብሩ ለመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ደመወዙ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሆነ። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው፤ በተግባር አሮጌው ልማድ ቶሎ አልለቀቀም።

ቤጌምድርና ስሜን ሰባት አውራጃዎች ነበሩት፤ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ ሊቦ፣ ወገራ፣ ስሜንና ጭልጋ ናቸው። የኛ ስማዳ ከላይና ከታች ጋይንት ጋር በጋይንት አውራጃ ሥር ስትሆን የአውራጃው ከተማ ነፋስ መውጫ ነበረች። እስቴ ደግሞ በደብረ ታቦር አውራጃ ሥር ነበረች። ከዓባይና ከበሽሎ ቆላ ተነሥቶ ለአንድ ማመልከቻ ነፋስ መውጫ የሚወጣው ሰው ስንቁን አስሮ፣ ዳገቱን ተያይዞ፣ ዘመድ ቤት እያደረ ነበር የሚሄደው። ደርሶም ጸሐፊው ከሌለ ተመልሶ ይመጣል። የአስተዳደር ርቀት የሚለካው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ያን ጊዜም ቢሆን ከምክትል ወረዳው በታች ሥራውን የሚሠራው ያው ጭቃ ሹሙ ነበር። ለዚህም ምክንያት አለ። በ1937 ዓ.ም. ግድም በሌላው ክፍለ አገር የመሬት ግብር ለምና ለም ጠፍ እየተባለ በጋሻ ሲመደብ፣ ቤጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ ግን በቀድሞው ልማድ፣ ከጠላት ወረራ በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተተወላቸው። ስለዚህ መንግሥት ያገሩን ጠቅላላ ዕዳ ያውቃል እንጂ ማን ምን ያህል እንደሚያርስ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት ጭቃ ሹሙና ሽማግሌው ናቸው። ደረሰኝም ሲመጣ በዋና አቅራቢው ስም ይቆረጣል። ያ ደረሰኝ በኋላ ለርስት ክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ጀመር። ስሙ በደረሰኝ ላይ ያለው ሰው መሬቱ የኔ ነው ይላል፤ ከሱ ጋር ያዋጡት ወንድሞቹ ግን ስማቸው የለም። ወረቀት ከሰው ምስክር መብለጥ የጀመረው እንግዲህ ከዚህ ነው።

በዳኝነት በኩል በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ወጣ። አጥቢያ ዳኛው እስከ 25 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር እንዲያይ፣ እስከ 15 ብርም እንዲቀጣ ተፈቀደለት። አስቀድሞም እንዲያስታርቅ ታዘዘ። አንድ በግ ወይም የእህል ብድር ላነሣው ጠብ ሰው ነፋስ መውጫ ድረስ መሄዱ ቀረለት። «አጥቢያ» የሚለው ቃል በመሠረቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ሰፈር ማለት እንደሆነ አስተውሉ። መንግሥት ወደ ታች ሲወርድ መጨረሻ ላይ ያገኘው ሕዝቡ ራሱ የሠራውን ክፍል ነው።

የመስጠቱ ነገር ግን ቀጭን ነበር። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ሲታወጅ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ላለ ትምህርት ቤት እንዲውል፣ የሚቆጣጠረውም ያገር ሰው ያለበት የትምህርት ቦርድ እንዲሆን ታሰበ። ከዓመታት በኋላ የጤና ግብርም ታከለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ከፋዩ ብዙ፣ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ሆነ። እኛ ፊደል የቆጠርንበት ትምህርት ቤት ራሱ ከስንት ቀበሌ ልጅ የሚመጣበት ነበር።

በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር የሚሰጥ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ። የተመረጠ የአውራጃ ምክር ቤት እንዲኖር፣ ከሚሰበሰበውም ግብር ለትምህርት፣ ለጤናና ለመንገድ የሚሆነውን አውራጃው ራሱ እንዲያዝበት ነበር። ፓርላማው ግን ሳያጸድቀው ቀረ። እንዲህ ሆኖ የተመረጠ የአውራጃ ምክር ቤት ሐሳብ ወረቀት ላይ ተጽፎ ወረቀት ላይ ሞተ።

ይህ በቀረ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደደረሰ ከዓባይ ማዶ ያሉ ጎረቤቶቻችን ያስታውሱታል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. ዐሥራቱን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ሕጉ በራሱ ለድኻው የከፋ አልነበረም። ግን የያንዳንዱን ሰው እርሻ ገማች ሄዶ እንዲያይ ያዛል። የጎጃም ገበሬ «ርስቴን ሊለኩ መጡ» አለ። የሚያምነው ሰው ሄዶ አላስረዳውም፤ የተመረጠ ምክር ቤትም የለም፤ ስለዚህ መልሱ ጠመንጃ ሆነ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የኋላ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ከዚህ የምንማረው አለ። ሕዝብ የሚሸሸው ግብርን ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚቆጥረውና ለምን እንደሚቆጥረው ካላወቀ ቆጠራንም ይሸሻል።

3ኛ. የገበሬ ማኅበር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ጉልት ቀረ፣ ጭሰኝነት ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተባለ። ለሥራው ማስፈጸሚያ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ፤ ይኸውም ሃያ ጋሻ ያህል ነው። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ ኖረው፤ ግብር መሰብሰቡም ለሱ ሆነ። በከተማ በኩል ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ዛሬ ቀበሌ የምንለው፣ ተቋቋመ። እነሆ የጭቃ ሹሙ ተራ አበቃ።

የገበሬ ማኅበር ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ይዞ መጣ። ይኸውም የስም መዝገብ ነው። አባወራው፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የያዘው መሬት በየጎጡ ተጻፈ። የደብተሩ ሽፋን ተቀዷል፤ ጽሑፉም በእርሳስ ነው፤ ቢሆንም ያገሩ ሰው በሙሉ፣ አንጥረኛውም ሸማኔውም ሳይቀር፣ ስሙ በመንግሥት መዝገብ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነበር። በእጅ ሥራው ምክንያት ይናቅ የነበረው ሰው ከባላባቱ ቀጥሎ ተጽፎ መሬት ሲያገኝ አይተናል። ይህ እውነት ነው፤ ሊካድ አይገባም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ዳሱን የጣለው፣ ተማሪውን የቆጠረው፣ አስተማሪውን ያሳደረው ማኅበሩ ነው። አሻራቸውን ብቻ ያውቁ የነበሩ አባቶችና እናቶች ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ዛሬ በእድራችን መዝገብ ላይ ከጎናቸው የሚፈርሙ አረጋውያን ከነዚያ ወገን ናቸው።

ነገር ግን መዝገብ ለሁለት ያገለግላል። መሬት የሚሰጠው መዝገብ ያው ራሱ ልጅ ይወስዳል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ሲወጣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። ኮታው ወደ ገበሬ ማኅበር ወረደ። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ገለጠ። የስንቱ እናት ልጅ ከዚያ ዝርዝር ተነሥቶ ሄዶ እንዳልተመለሰ፣ ለቅሶውም ያለ ሬሳ እንደተለቀሰ ይህ ሰፈር ያውቀዋል። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ የሚሸጠው የእህል ኮታም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። እህል የሌለው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለኮታው በርካሽ ሸጧል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ይኸው መዝገብ የሕይወትና የሞት ነገር ሆነ። ጋይንትና ስማዳ ያኔ ምን እንደሆኑ መተረክ አያሻም፤ አብዛኞቻችን በዓይናችን አይተናል። እርዳታው ሲመጣ የሚታደለው በገበሬ ማኅበር ዝርዝር ነው። ስሙ ያለው ስንዴ አገኘ፤ ከማኅበሩ የወጣ ወይም ከሌላ ቦታ የተሰደደ ሰው ዝርዝር ላይ ስላልነበረ ከሰልፉ ተመለሰ። በአንዳንድ ቦታ ጸሐፊው ሌሊት በኩራዝ እያመሸ የቀሩትን ስም ጨምሮ ጽፏል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ የዘመድ ስም ቀድሟል። የሠፈራ ፕሮግራሙም በዚያው ዓመት በዚያው ዝርዝር ላይ ተመሠረተ። እንግዲህ አንድ ብዕር የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚያድንና ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

በመስከረም 1980 ዓ.ም. አገሪቱ በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ስትከፈል «ደቡብ ጎንደር» የሚለው ስም መጣ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

4ኛ. ወረዳና ቀበሌ

በጥር 1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ክልሎችን ሲያቋቁም ወረዳ የአስተዳደር መሠረት ሆነ። አውራጃ ቀረ፤ ደቡብ ጎንደር ዞን ሆኖ ዋና ከተማው ደብረ ታቦር ሆነ። ነፋስ መውጫ ያልቅ የነበረው ጉዳይ ገሚሱ ወገዳ ላይ ማለቅ ጀመረ። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በ1958ቱ ትእዛዝ የተቀበረው ሐሳብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተነሣ ማለት ይቻላል።

ከቃል ወደ ተግባር ግን መንገዱ ቀጥ ያለ አልሆነም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ሌላው አራሽ እስከ 12 ጥማድ መያዝ ሲፈቀድለት፣ «ቅሪት ፊውዳል» እና «ቢሮክራት» የተባለው ሰው ከ4 ጥማድ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ይኸውም አንድ ሄክታር ያህል ነው። ቢሮክራት የተባሉት እነማን ናቸው ቢባል ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ የመጡ አይደሉም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ የነበሩ አራሾች ናቸው። ከነሱ ውስጥ የበደለ የለም አንልም። ነገር ግን ያገሩ ሰው እጅ አውጥቶ መርጦት፣ ያለ ደመወዝ ደብተር ይዞ የኖረ ሰው ከእኩል ጎረቤቱ በታች ሲደረግ ትምህርቱ ለሁሉም ደረሰ። ከዚያ በኋላ በብዙ መንደር ጠንቃቃው ሰው «እኔ አልመረጥም፣ ሌላ ፈልጉ» ማለት አበዛ። የታችኛው አስተዳደር ከገንዘብ ይልቅ የሚያጣው ታማኝ ሰው ነው፤ ታማኝ ሰው ደግሞ የሚሸሸው ሲቀጣ ሲያይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ የተሻለ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ እየተመዘገበ፣ ሕዝቡ አረንጓዴ ደብተር የሚለው የባለይዞታነት ደብተር ይታደል ጀመር። መዝጋቢው ሕዝቡ ከየጎጡ የመረጠው ኮሚቴ ነው። ወሰኑ ሲነገር ጎረቤት ቆሞ ይሰማል። ከሁሉም በላይ የባልም የሚስትም ስም በአንድ ደብተር ላይ ተጻፈ። በጭቃ ሹሙ ዘመን በሽማግሌ ራስ፣ በደረሰኙ ዘመን በአንድ ወንድም ስም፣ በገበሬ ማኅበሩ ዘመን በአባወራው ስም የነበረው መሬት አሁን ለሴቲቱም ስም አወጣ። ከነዚህ ሁሉ ዓመታት የታችኛው አስተዳደር ሥራዎች አንዱን ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን።

በዚያው ጊዜ፣ በ1994 እና በ1995 ዓ.ም.፣ ለወረዳ በጥቅል በጀት መስጠት ተጀመረ። ወረዳው የራሱን በጀት እንዲደለድል ሥልጣን አገኘ። መልካም ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ለመምህራንና ለሠራተኛ ደመወዝ ስለሚሄድ ለመንገድና ለውኃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያም ሆኖ በየቀበሌው የግብርና ባለሙያና ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደባቸው የሚናቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም ስማዳንና ጋይንትን ጨምሮ በተጎዱ ወረዳዎች ተረጂውን የሚለየው በቀበሌ ኮሚቴ አማካይነት ነው። ጉልበት ያለው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን እርከንና መንገድ እየሠራ፣ አቅመ ደካማው ሳይሠራ እንዲያገኝ ሆነ። የ1977ቱ ሰልፍ ያስተማረው ነገር እዚህ ላይ ይታያል፤ ዝርዝሩ ባደባባይ ይነበባል፣ ቅር ያለውም አቤት ይላል።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደረገ። ሰው በዛ፤ ምክሩ በዛ ወይ ለሚለው ግን ተሰብስበው የሚያውቁት ይመስክሩ። የሸንጎ ጥቅም በወንበሩ ብዛት ሳይሆን «የለም፣ ይህ አይሆንም» የሚል ሰው በሰላም ወደ ቤቱ በመግባቱ ይለካል።

5ኛ. የሞት መዝገብና እድራችን

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንምጣ። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በቀበሌ ይመዘገባሉ። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲነገር ሕጉ ያዛል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ምዝገባ በየአጥቢያው የታዘዘው በ1538 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ያኔ እዚያም ሕዝቡ «ሌላ ግብር ሊጥሉብን ነው» ብሎ ተጠራጥሮ ነበር ይባላል። ዛሬ ግን በዚያ አገር ሰው የአያቱን አያት ስም የሚያገኘው ከዚያ መዝገብ ነው።

የኛም ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከላይ እንደተገለጠው ባገራችን መዝገብ ሲመጣ አንድም ግብር፣ አንድም ውትድርና፣ አንድም ሽግሽግ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ልደት ሲሆን ነገ ዛሬ ይባላል፤ ሞት ሲሆን ደግሞ «የሞተ ሞተ፣ ምን ይጻፋል» ይባላል። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀበሌ መሄድ እንዴት ትዝ ይለዋል? ሠላሳው ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። ከዓመት በኋላ ልጆቹ ሲፈልጉት ጣጣው ይበዛል።

አንዲት የሰፈራችን እናት እንዲህ ባለ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ሲመላለሱ አይተናል። አንድ ጊዜ የሞቱበት ቀን አይታወቅም ተባሉ፤ አንድ ጊዜ የአያት ስም ተለያየ ተባሉ። በመጨረሻ የረዳቸው ምን ይመስላችኋል? የእድራችን ደብተር ነው። የቀብሩ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የሟቹ ስም ከነአባቱ እዚያ ተጽፎ ተገኘና ለምስክሮቹ ቃል ድጋፍ ሆነ። ጸሐፊያችን ያን ቀን ሲጽፍ ለሒሳብ ብሎ እንጂ ለማስረጃ ብሎ አልነበረም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት በብዙ የገጠር ቦታ የቀበሌ ሥራ ተስተጓጉሏል። ሰው መሞቱና መቀበሩ ግን አልተስተጓጎለም። ከማንም ጋር ሳይወግን ሬሳ የሚያነሣ፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን፣ ቀኑንም በደብተር የሚጽፍ እድር ነው። እድር መንግሥት አይደለም፤ ግብር አይጥልም፣ አይቀጣም፣ ልጅ አይወስድም። መንግሥትም እድርን ሊተካ አይችልም። ነገር ግን ሕዝቡ የሚያምነው መዝገብ እድር ዘንድ አለ፤ ሕግ የሚቀበለው መዝገብ ቀበሌ ዘንድ አለ። ሁለቱ ቢገናኙ ባል የሞተባት ሴት አራት ጊዜ አትመላለስም።

ስለዚህ ለአባሎች በትሕትና የምናሳስበው የሚከተለውን ነው፤

ሀ) አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት የእድራችን ጸሐፊ የሟቹን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የሞተበትንና የተቀበረበትን ቀንና ቦታ ለይቶ ይጻፍ። የቤት ስም ካለውም ይጨመር፤ ብዙ ጣጣ የሚነሣው ከዚያ ነውና።

ለ) ከሐዘንተኛው ቤት የሚቀመጡት ሰዎች ሲነሡ ሠላሳው ቀን ሳያልፍ ወደ ቀበሌ የሚሄድ አንድ ዘመድ ይለዩ። ዘመድ ከሌለ ከኮሚቴው አንድ ሰው ይታዘዝ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የማይሠራበት ጊዜ ከሆነም የእድሩ መዝገብ በሦስት ምስክር ይፈረም፤ ሥራው ሲጀመር ይቀርባል።

ሐ) የቆየ የግብር ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር ወረቀት፣ የመሬት ደብተር ያላችሁ ከምድጃና ከአይጥ አርቃችሁ አስቀምጡ። «ያረጀ ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

መ) በቀበሌ ስብሰባ ጸሐፊና ኮሚቴ ሲመረጥ ጠንቃቃው ሰው አይሽሽ። እሱ ሲሸሽ ብዕሩን የሚይዘው ሌላ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይህን ሲሉ መጽሐፉ በሩቅ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነበር። ዛሬ በደጃችን ነው፤ ጸሐፊውም ከመካከላችን የመረጥነው ሰው ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ከላይ የዘረዘርናቸው አራት ነጥቦች በአጀንዳ ተይዘው እንዲታዩ እንጠይቃለን። እግዚአብሔር በዓመቱ ያለቀናቸው አባሎችን ነፍስ ይማርልን፤ ለቀረነውም ጤናና ሰላም ይስጠን።